የኩራሞቺ አውራ ጣት

ኩራሞቺ በጋዜጣ እየተሰደበ ቁርሱን መብላት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሩዙ ጉሮሮው ላይ ይቆምበት ነበር። ሚስቱ ካናኤ ጋዜጣውን ቀድማው ከደጅ ታነሣና የእሱ ስም ያለበትን ገጽ መዝዛ ትደብቃለች፤ "ዛሬ ገጹ ጎድሎ ነው የመጣው" ትለዋለች፤ እሱም ያመነ መስሎ ሩዙን ያላምጣል። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። አሁን እሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች፣ እሱ ሾርባውን ይጠጣል።

"ስማ፣ ዛሬ አንተ የለህበትም" አለችው ረቡዕ ጠዋት፣ መነጽሯን ገፋ አድርጋ።

"ማን አለበት?"

"ሚኩሪያ። ያ ግራኙ ልጅ። 'ክንዱ የወንድ ነው፤ ልቡ ግን ገና ከእናቱ ቤት አልወጣም' ብለውታል አሰልጣኝህ። ኧረ እኚህ ሰውዬስ! እናቱ ምን አደረገቻቸው?"

"ሾርባው ጨው በዝቶበታል።"

"አንተ ሰውዬ፣ እያናገርኩህ እኮ ነው!"

"ሰማሁ። ስለ እናቱ አልሽ።"

በሺራናሚ የቤዝቦል ቡድን ደንቡ ይኸው ነው። አሰልጣኝ ኢሶዳ ተጫዋች ሲያጠፋ ጠርተው አያናግሩትም። ቡድኑ ሲሸነፍ ከሜዳው ወደ አውቶቡሱ በሚወስደው ኮሪደር ላይ ጋዜጠኞች ግራና ቀኝ ከበዋቸው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ማንንም ሳያዩ፣ ለራሳቸው የሚያጉረመርሙ መስለው፣ የዕለቱን ጥፋተኛ በስሙ ጠርተው ያወርዱበታል። ኮሪደሩ አርባ እርምጃ ነው። በአርባ እርምጃ አንድ ሰው ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ ይቀራል። ሰውየው የሚሰማው በማግስቱ ነው፣ ከሩዙ ጋር። ከዚያ ጋዜጠኞቹ ወደ ተሰዳቢው ይመጣሉ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ "ስለ ተግሣጹ አመሰግናለሁ" ማለት አለበት። ካላለ ነውረኛ ነው። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ቢታወቅ ጥሩ ነበር፣ ሄጄ አንድ ሁለት ነገር እለው ነበር።

ኢሶዳ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ሰው ይጠላቸውና ይገላገል ነበር። በወጣትነታቸው የራሳቸው አሰልጣኝ በጥፊ ነበር የሚያናግሯቸው፤ ግራ ጆሯቸው እስከ ዛሬ በደንብ አይሰማም። "እኔ በማንም ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በጋዜጣ መውቀስ ለሳቸው ርኅራኄ ነው። ለዚያውም የሚሠራ ርኅራኄ፤ ሰው በአደባባይ ሲነካ እንደሚነቃ ማስረጃ አለኝ ይላሉ። ማስረጃቸው ኩራሞቺ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኩራሞቺ ቀላቢ ነው፤ ጭምብል አጥልቆ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ይልና ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ በጓንቱ ይቀልባል፤ ምን ዓይነት ኳስ ይወርወር የሚለውንም በጣቱ ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ሰኔ ላይ መቺው ጨርፎ የሰደደው ኳስ የቀኝ አውራ ጣቱን አገኘው። ጥፍሩ ሥር ደም ቋጠረ፤ ጠቆረ፤ አበጠ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሌላ ቀላቢ ወንበር ላይ ተቀምጦ እሱ እስኪታመም ድረስ እየጠበቀ፣ የትኛው ሞኝ ነው "አመመኝ" የሚል? ጣቱን በቆዳ ቀለም ፕላስተር ሸፍኖ ሦስት ሳምንት ተጫወተ። ኳስ መቅለቡስ አላቃተውም፤ ተራው ደርሶ መቺ ሲሆን ግን ዱላውን መጨበጥ አልቻለም። ሠላሳ አንድ ጊዜ ለመምታት ቆሞ አንዴ ብቻ መታ።

ይሄኔ ነው ኢሶዳ በኮሪደሩ ላይ፣ "ኩራሞቺ ግድግዳ ነው። ግድግዳ እንኳ ይሻላል፤ ምሳ አይበላም" ያሉት። አገር ሳቀ። ኩራሞቺ ያኔ ገና ሁሉ ነገር ይሰማው ስለነበር ጋዜጣውን ይዞ ሽንት ቤት ገብቶ አለቀሰ። ካናኤ በሩን ከፍታ ስትገባ ዓይኖቿ ያረፉት እንባው ላይ ሳይሆን ጣቱ ላይ ነው። ፕላስተሩ ረጥቦ ተልጦ ነበር።

"ኧረ በስመ አብ! ይኸንን ይዘህ ነው ሦስት ሳምንት ከጎኔ የተኛኸው?"

መርፌ በእሳት አግላ ጥፍሩን በሳችው። ጥቁር ደም ተፈናጥሮ ሸሚዟን አበላሸው። ሕመሙ ባንዴ ለቀቀው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዱላውን ጨበጠ፤ ጨበጠ ስላችሁ፣ እንደ ሰው ጨበጠ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲልም ኳሷን ከአጥር ማዶ ሰደዳት፤ ሺራናሚ አሸነፈ።

ያሸነፈ ጀግና ደግሞ ሜዳው መሃል መድረክ ላይ ይቆማል፣ ማይክሮፎን ይቀርብለታል፣ ሕዝብ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። ጠያቂው "የአሰልጣኙ ከባድ ቃል ነው የቀሰቀሰህ?" አለው። ኩራሞቺ ምን ይበል? "ጥፍሬ ነው" ቢል ጉዳት መደበቁ ሊወጣ ነው፤ የቡድኑ ሐኪም ሊዋረድ ነው፤ አሰልጣኙ በሽተኛ ሰው ላይ የሳቁ ሊሆኑ ነው። በሠላሳ ሺህ ሰው ፊት አለቃን ማሳፈር በዚያ አገር የሚታሰብ ነገር አይደለም። አፉ የለመደውን አለ።

"አዎ። የአሰልጣኙ ቃል ነው የቀሰቀሰኝ። ያ ቃል ባይኖር ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።"

ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ኢሶዳ ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አለቀ። ጨዋ ሆኖ የተናገራት ያቺ አንዲት ነገር ናት ጉዱን ሁሉ ያመጣችው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ በሚቆምበት የብርድ ወራት ኢሶዳ የኩባንያ አለቆችን ሰብስበው ስለ ሰው አያያዝ ያስተምራሉ። አንዳንዴ ኩራሞቺን ራሱን ይዘውት ይሄዳሉ። "እስቲ ንገራቸው" ይሉታል፤ እሱም ተነሥቶ "እውነት ነው፣ ቃላቸው ነው ያነቃኝ" ብሎ ይቀመጣል። አለቆቹ ማስታወሻቸው ላይ ይጽፋሉ። ነገ ጠዋት የስንቱን ምስኪን ጸሐፊ ፊት በሰው ፊት እንደሚያቀሉት እግዜር ይወቀው።

ስድቡም ቀጠለ፤ ሠርቷል ተብሎ የለ! ግድግዳ ቀርቶ ወንበር አሟቂ መጣ፤ ከዚያ የተኛ በሬ፤ ከዚያ ለቁጥር ማሟያ የመጣ ሰው። ኩራሞቺ መጀመሪያ ያመው ነበር፤ ቀጥሎ ያናድደው ጀመር። አንድ ቀን ግን ጋዜጣውን አንብቦ ሲያጥፍ ምንም እንዳልተሰማው ልብ አለ። ደስ አለው፤ ምራቁን የዋጠ ሰው የሆነ መሰለው። ሌላው ሁሉ ከስድቡ ጋር ተያይዞ መሄዱን ያወቀው ቆይቶ ነው። ሲያሸንፉም ምንም፣ ሲሸነፉም ምንም። ልጁ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ እየሮጠች ስትመጣ "ጎበዝ" አላት፤ ቃሉ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ ነው የመሰለው። "አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አለህ?" ትለዋለች ካናኤ። "አለሁ" ይላታል።

አሁን ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከተቀመጠበት ሲነሣ ጉልበቱ ይጮኻል። ባለፈው ሰኞ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኮሞሪ ቢሮ አስጠርተውት ነበር።

"በተጫዋችነት ይብቃህ" አሉት። "ግን አትደንግጥ፣ አሰልጣኝ ኢሶዳ ይወዱሃል። የሁለተኛው ቡድን የቀላቢዎች አሠልጣኝ እንድትሆን ይፈልጋሉ። የኔን መንገድ እንደሱ የገባው የለም ነው ያሉት። የመጪውን እሑድ ተጫወትና ሰኞ መጥተህ ፈርም።"

"አመሰግናለሁ" አለ ኩራሞቺ። ሁለተኛው ቡድን ያልበሰለውና ያለቀለት የሚከማችበት ቦታ ነው። ቢሆንም ደሞዝ ነው፤ ቁጢጥ ብሎ ኳስ ከመቅለብ ሌላ ሥራ ለማያውቅ ሰው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ያን ረቡዕ ከሰዓት ስታዲየም ሲደርስ ሚኩሪያ ቀድሞት እየጠበቀው ነበር። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ መንደሪን ከምታበቅል አንዲት ደሴት የመጣ፣ ጆሮው ሰፋፊ፣ ሰላምታ ሲሰጥ ከወገቡ እጥፍ የሚል ልጅ። "ለኳስ መወርወሪያ ማሽኑም ይሰግዳል" እያሉ ጓደኞቹ ያሾፉበታል። ባለፈው ዓመት በአሥራ አንድ ጨዋታ ያሸነፈ ወርዋሪ ነው። ከነሐሴ ወዲህ ግን ኳሱ ከእጁ ከወጣ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ኢሶዳ ለጋዜጠኞቹ የመጨረሻውን ነግረዋቸዋል፦ እሑድ ይወረውራል፤ እሑድ ካልሆነለት ወደ ሁለተኛው ቡድን ይወርዳል። መስከረምን እዚያ የጨረሰ ሰው ጥቅምት ላይ ምን እንደሚገጥመው ሁሉም ያውቃል። ስልክ ይደወልለትና "ነገ ሱፍ ለብሰህ ና" ይባላል። ሱፍ ልበስ ማለት ተሰናብተሃል ማለት ነው።

ሃያ ያህል ኳስ ወረወረ። ግማሹን ኩራሞቺ ዘሎ ወይ ተንከባሎ ነው የያዘው። ከዚያ ልጁ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቅ።"

"የዛሬ ስምንት ዓመት ግድግዳ ሲሉዎት... ቃሉን ምን አደረጉት? እኔ አሥሬ አነበዋለሁ። ቆርጬ በሬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ምንም አያመጣልኝም። እንዲያውም መወርወር ስጀምር እነዚህ ሁለቱ ይሞታሉ።" የግራ እጁን ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቱን አሳየው። "ይደነዝዛሉ። ኳሱ ከእጄ ሲወጣ አይታወቀኝም። ፍርሃት ነው፣ አይደል ጋሼ? አሰልጣኙ ልክ ናቸው። ልብ ነው የጎደለኝ።"

ኩራሞቺ ጣቶቹን አያቸው። በተጫወተባቸው አሥራ አራት ዓመታት ውስጥ እነዚያው ሁለት ጣቶች የደነዘዙባቸው ሦስት ወርዋሪዎች አይቷል። የሦስቱም ችግር ክርናቸው ነበር፤ ክርን ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ። አንዱ በጊዜ ተናግሮ ታከመና ተመለሰ። ሁለቱ ዝም ብለው ወረወሩ፤ ዛሬ አንደኛው ሻይ ማንሳት ሲፈልግ በሌላው እጁ ነው የሚያነሣው። ከልብ ጋር ምን አገናኘው! ሁለት ነገር ብቻ ነበር ማለት ያለበት፦ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እኔንም የቀሰቀሰኝ ጥፍሬ ነው እንጂ ቃል አይደለም። ሁለቱም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ።

ግን የሰኞው ፊርማ ትዝ አለው። ሚኩሪያ ቅን ነው፤ ማን ነገረህ ሲሉት "ጋሼ ኩራሞቺ" ይላል። የጥፍሩ ነገር ኢሶዳ ጆሮ ይገባል፤ በደኅናውም ጆሯቸው በድንቁሩም። ያን ጊዜ 'መንገዴ የገባው ሰው' ብለው አሠልጣኝ የሚያደርጉት ማንን ነው? እና ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስምንት ዓመት ሲደጋገም የኖረ ነገር ሳይጠሩት ይመጣል።

"ትውጠዋለህ" አለ። "ሆድህ ውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ በክንድህ ይወጣል።"

"ይቃጠላል" አለ ሚኩሪያ፣ እንደሚያጠና ተማሪ። ከወገቡ እጥፍ አለ። "አመሰግናለሁ ጋሼ።"

ይህን ሲል ምን ተሰማህ ብትሉት ኩራሞቺ "ምንም" ይላችኋል። አይዋሽም፤ ምንም አልተሰማውም። እኔን ግን ይህን በተናገርኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እሑድ ቀትር ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ፀሐይ ነበር፤ ሰው ካሪ የሚሉትን የሩዝ ወጥ በማንኪያ እየበላ፣ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር። ሚኩሪያ ሁለት ዙር ደኅና ወረወረ። ኩራሞቺ፣ "ይሄ ልጅ ሊያልፈው ነው እንዴ" ብሎ አሰበ። በሦስተኛው ዙር ለመጀመሪያው መቺ አራት የተበላሹ ኳሶች ላከና በነጻ አሳለፈው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ኩራሞቺ ጭምብሉን ገፋ አድርጎ ወደ እሱ ሄደ፤ ሁለቱም አፋቸውን በጓንታቸው ሸፈኑ።

"እየተቃጠለ ነው ጋሼ" አለ ሚኩሪያ። ፊቱ አመድ መስሏል። "እንዳሉኝ ውጬዋለሁ፣ ይቃጠላል፣ ግን አይወጣም።"

"ጣቶችህስ?"

"የሉም።"

"ጉዳት አለ ብዬ ላስወጣህ?"

"ኧረ ጋሼ! እንዲያ ብዬ ከወጣሁ ምኔን ሰው ሆንኩ?"

ኩራሞቺ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ጮኸ። የሚቀጥለው ኳስ ቀጥታ መቺው የራስ ቁር ላይ አረፈ። ሰውየው ወደቀ፤ ሕዝቡ "ኡ!" አለ፤ ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ደኅና ነው። ሚኩሪያ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ኢሶዳ ከተጠባባቂዎቹ አግዳሚ ጥላ ወጥተው መጡና ፊቱን ሳያዩ ኳሱን ከእጁ ወሰዱት።

በኮሪደሩ ላይ ሃያ እርምጃ እንኳ አልፈጀባቸውም። "ወሩን ሙሉ ስለ ልቡ ስነግራችሁ ነበር" አሉ። "ዛሬ አረጋገጥኩ፤ የለውም። ከነገ ጀምሮ ሁለተኛው ቡድን ይፈልግለት።"

ጋዜጠኞቹ ሚኩሪያን ፍለጋ ሮጡ። ሃባራ ብቻ ቀረ። ሃባራ ሺራናሚን ሠላሳ ዓመት የተከተለ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ የሚሰካ ሽማግሌ ጋዜጠኛ ነው። ኩራሞቺ ዕቃ ሣጥኑ ፊት ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ በረዶ ሲያስር አጠገቡ ቁጭ አለ።

"አንተ ያለፍክበት መንገድ ነው። ለልጁ ምን ትለዋለህ?"

እንግዲህ ኩራሞቺ ድንገት ጀግና ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ወኔም አልመጣለትም፣ ቁጣም አልመጣለትም። ደክሞታል፣ ተጠየቀ፣ መለሰ።

"እኔ አላለፍኩበትም" አለ። "ያኔ ጥፍሬ ሥር ደም ነበር። ደብቄ ነው ስጫወት የነበርኩት። ሚስቴ በመርፌ በሳችውና ዳንኩ፣ መታሁ። ቃሉ ምንም አላደረገም። ቢሠራማ ከዚያ በኋላ በነበሩት ስምንት ዓመታትም በሠራ ነበር፤ ስንቴ ተሰደብኩ፣ ምን መታሁ? ሚኩሪያም ልብ አላነሰውም። ጣቶቹ ደንዝዘዋል፤ ክርኑን ሐኪም ይየው። ይህን ይጻፉልኝ።"

የሃባራ እርሳስ ቆመ። ግራና ቀኝ አየ።

"ነገ ትፈርማለህ አሉ፣ እውነት ነው?"

"አዎ።"

"ልጅህ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?"

"ስድስተኛ።"

ሃባራ እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰ። "ደክሞሃል" አለው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። "በረዶውን አጥብቀህ እሰር።" ተነሥቶ ሄደ።

ሰኞ ጨዋታ የለም። ጠዋት ካናኤ ጋዜጣውን ይዛ መጣች፤ አላነበበችለትም። ሾርባው አጠገብ ዘርግታ አስቀመጠችለት።

"ይህን ነው ያልከው?"

"ያ ቃል ባይኖር እኔ ዛሬ የለሁም" ይላል ርእሱ በትልልቁ። ከሥሩ፦ "ነባሩ ኩራሞቺ ለሚኩሪያ፦ እኔም አልፌበታለሁ፤ ተግሣጹን ውጦ ይነሣ።" ከስምንት ዓመት በፊት የተነሣው ፎቶም አለ፣ መድረኩ ላይ። ስለ ጥፍርም ስለ ክርንም አንድ ፊደል የለም። ሃባራ ደግ አድርጎ፣ ለሰው ልጅ እንጀራ አስቦ፣ ጥሩ አድርጎ ጽፎለታል።

"አላልኩም" አለ ኩራሞቺ። "ጥፍሬ ነው ነው ያልኩት።"

"መርፌዋን የያዝኩት እኔ ነኝ" አለች ካናኤ። "እኔው ራሴ ሳነበው ላምን ምንም አልቀረኝ።"

ኩራሞቺ ሩዙን ሳይነካ ተነሣ። የተጫዋቾች ማደሪያ ሲደርስ ሚኩሪያ ሻንጣውን እየሞላ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፉትን ቁራጭ ጋዜጦች አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ደራርቦ፣ በክር አስሯቸዋል። የዛሬው ከሁሉም በላይ ነው። ኩራሞቺን ሲያይ ተንበርክኮ ተቀበለው።

"አነበብኩት ጋሼ። አላፈርኩብዎትም፤ እርስዎን ነው ያሳፈርኩት።"

"ስማኝ ሚኩሪያ። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ጋዜጣው ነው ያለው።" ነገረው። ጥፍሩን፣ ፕላስተሩን፣ መርፌውን፣ መድረኩን፣ ሁሉንም ነገረው። አውራ ጣቱን ዘርግቶ አሳየው። ጥፍር ያድጋል፤ ስምንት ዓመት አልፎታል። ከማንም ሰው አውራ ጣት የማይለይ ንጹሕ ጣት ነበር።

ሚኩሪያ በትሕትና ጣቱን አየ። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን ውሃ ሞልቶ ነበር።

"ጋሼ፣ ደግ ሰው ነዎት።"

"ደግነት አይደለም እኮ! እውነቱ ነው!"

"ገባኝ። ሆድ እንዳይብሰኝ ብለው ነው። በሕዝብ ፊት የተናገሩትን፣ ትናንትም ለጋዜጣ የደገሙትን፣ ለኔ ሲሉ ራስዎን ዝቅ አድርገው አያፍርሱት። አይገባኝም።"

"ሚስቴን ጠይቃት!"

"እሳቸውም ደግ ናቸው።"

"እሺ፣ የኔን ተወው። ጣቶችህን ለሐኪም አሳይ። ክርንህ ነው። አይቼ አውቀዋለሁ።"

"ምን ብዬ ነው የማሳየው? ልቡ ያነሰ ሰው ክርኔን አመመኝ አለ ይሉኛል። ሰበብ ፈለገ ይሉኛል። እርስዎ ሰበብ ሳይፈልጉ አይደል የዳኑት?" የሻንጣውን ዚፕ ሳበ። ሁለቱ ጣቶች አልታጠፉለትም፤ በሌላው እጁ ሳበው። "ለሁሉ ሰው የሠራ ነገር ለኔ ካልሠራ ጉድለቱ እኔ ጋ ነው። እዚያ ወርጄ ከሥር እጀምራለሁ።"

ኩራሞቺ ሻንጣውን ተሸክሞለት ወደ ታች ወረደ። የሚወስደው መኪና እስኪታጠፍ ድረስ ሚኩሪያ በኋላ መስታወቱ ጎንበስ ጎንበስ ሲል ይታይ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢሮ ሄደ። አቶ ኮሞሪ ወረቀቱን አዘጋጅተው እየጠበቁት ነበር፤ ፊታቸው በርቷል። ሳይቀመጥ ነገራቸው።

"ሚኩሪያ ሁለት ጣቱ ይደነዝዘዋል። ክርኑ ነው። ሐኪም ካላየው ክንዱ ያልቃል።"

"ራሱ ነው ያለህ?"

"የሚለውማ ልብ የለኝም ነው።"

"ታዲያስ!" አቶ ኮሞሪ ጋዜጣውን ወደ እሱ አዞሩለት። "ይህን አንተ ራስህ ትናንት ተናግረህ ዛሬ ደግሞ ታዝንለታለህ? አይ ኩራሞቺ፣ አሁንስ አሠልጣኝ ነህ፣ አንጀትህን ጠበቅ አድርግ። አሰልጣኝ ኢሶዳ ጠዋት ሲያነቡት ምን እንደሆኑ ልንገርህ? አለቀሱ። ሚኩሪያ በቀን ሁለት መቶ ኳስ ይወርውር፣ ኩራሞቺ በራሱ እጅ ይቀልብለት ነው ያሉት።"

"እኔ ያን አላልኩም፤ ጋዜጠኛው ነው።"

"ምን ልዩነት አለው?" አሉ አቶ ኮሞሪ፣ ያለ ክፋት። "የዛሬ ስምንት ዓመትስ አላልክም?"

ብሎ ነበር። ኩራሞቺ ቆሞ አንድ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ። ቢናደድ ጥሩ ነበር፤ ቢያለቅስ ደግሞ የበለጠ። ወረቀቱን ቀድዶ ቢወጣ እኔ ራሴ በር እከፍትለት ነበር። ምንም አልመጣለትም። ብዕሩን ተቀበለ፣ ስሙን ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሁለተኛው ቡድን ሜዳ፣ ወደቡ ዳር፣ ጭምብሉን አጥልቆ ቁጢጥ አለ። ሚኩሪያ ማዶ ቆሞ ሁለቱን ጣቶች ሱሪው ላይ አሸት አሸት አደረጋቸው። ከወገቡ እጥፍ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ወረወረ፤ ኳሱ ሁለት ክንድ ያህል በጎን አልፎ መረቡ ላይ ተንጠለጠለ።

ኩራሞቺ ከሣጥኑ አዲስ ኳስ አንሥቶ ላከለት።

"ጥሩ ነው!" አለ ጮክ ብሎ። "ሌላ!"